አባ ቁምን ለማትረፍ

መኪና መንዳት የሚያስተምር አንድ ሰው ነበር። ተማሪዎቹ ከኋላው «ፍሬን» ይሉታል። ቅጽል ስሙ የወጣለት በቀኝ እግሩ ምክንያት ነው። በማስተማሪያ መኪና ውስጥ አስተማሪው ከሚቀመጥበት ወንበር ፊት ትርፍ ፍሬን አለ። እግሩ እሱ ላይ መዋል ስለለመደ አውቶቡስ ተሳፍሮም ይሁን ሶፋ ላይ ተጋድሞ፣ አንድ ነገር ሊመጣ ነው ብሎ ካሰበ ወለሉን ይረግጣል። አንድ ጊዜ ባንክ ቤት ወረፋ ሲጠብቅ አንዲት ሕፃን ወደ መስታወት በሩ ስትሮጥ አየና ወለሉን ድም አድርጎ ረገጠው፤ አጠገቡ የነበሩት ሰውዬ «ይቅርታ» ብለው እግራቸውን ሰበሰቡ።

ሥራው ይኸው ነው፤ የሚመጣውን ቀድሞ ማየት። ኳስ ወደ መንገድ ሲንከባለል ካየ ከኋላው ልጅ እንዳለ ያውቃል። ከፊቱ ያለው ሾፌር ፍሬቻ ሳያበራ ሊታጠፍ መሆኑን ከትከሻው አያያዝ ይለያል። ችግሩ ይህን ችሎታውን መኪናው ውስጥ ቆልፎበት አይወርድም። ቤት ገብቶ ፊልም ሲከፈት ገና የተዋንያኑ ስም ተጽፎ ሳያልቅ «ገዳዩ ሐኪሙ ነው» ይላል። ሐኪሙም ሆኖ ይገኛል። ሚስቱ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ ስትመጣ የምታየው አንድ ተከታታይ ድራማ አላት። ለምና ለምና ሲያቅታት ድራማው የሚታይበትን ሰዓት የሱ ገላ መታጠቢያ ሰዓት አደረገችው። ውሃ በጠፋበት ቀን እንኳ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃል እንጂ አይወጣም።

ታዲያ አንድ ጊዜ የሚስቱ እናት ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸውና እስኪያገግሙ ድረስ ልጃቸው ቤት መጡ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ የሰፈሩን ግማሽ በእጃቸው ተቀብለዋል። አንድ ትንሽ ሻንጣ ልብስና ሁለት ትልልቅ ካርቶን ይዘው ነበር። ካርቶኖቹን ደረጃ ለደረጃ የተሸከማቸው አማቻቸው፣ ሁለተኛውን ሲያወርድ ወገቡን ይዞ «ይሄ ምንድን ነው፣ እማማ? ድንጋይ ነው?» አላቸው።

«ዘንዶ ነው» አሉት።

እውነታቸውን ነበር። ስምንት ጥራዝ ያለው አንድ ረጅም ልብ ወለድ ነው፤ ሰይፍ፣ አስማትና የጠፋ ዘውድ ያለበት። በየሽፋኑ ላይ ዘንዶ ተሥሏል፤ ዘንዶውም ከጥራዝ ወደ ጥራዝ እየወፈረ ይሄዳል። በስምንተኛው ላይ ጅራቱ ቦታ አጥቶ በጀርባው ሽፋን ዞሯል። መጽሐፎቹ በላስቲክ ተለብጠው፣ ጠርዛቸው ሳይላላጥ፣ ትናንት የተገዙ ይመስሉ ነበር።

ሐኪሙ አሮጌው መነጽር ከእንግዲህ እንደማይሆንና አዲሱ የሚታዘዘው ሁለቱም ዓይኖች ሲረጉ መሆኑን ተናግሯል። እስከዚያ ድረስ አማት ማንበብ አይችሉም። ማጎንበስ የለም፣ ዓይን ማሸት የለም፣ ጠብታዋ በሰዓቷ። ደግሞ እንደ ዕድል ሆኖ በዚያው ሰሞን የማስተማሪያው መኪና ሞተር ወርዶ ጋራዥ ገብቶ ስለነበር ፍሬን ቤት ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለስ ይውላል። ሚስቱ አንድ ጠዋት ጫማዋን እያሠረች ፍርዱን ሰጠች።

«ከሰዓት በኋላ ለእማዬ ታነብላታለህ።»

«ምኑን?»

«ዘንዶውን ነዋ። ደግሞ አደራ፣ እንዳታበላሽባት።»

ሳሎን ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል፣ አማቱ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው እግራቸውን ኩርሲ ላይ ሰቅለው ተቀመጡ። እሱ የመጀመሪያውን ጥራዝ ገለጠ። የጋጣ ጠራጊ የሆነ አንድ ወላጅ አልባ ልጅ አለ፤ ያሳደጉት አንድ አንጥረኛና ሚስቱ ናቸው፤ ትከሻው ላይ እንግዳ ምልክት አለበት። ፍሬን ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆመ። ሚስቱ ያለችው ትዝ አለው፤ ምላሱ ግን ቀደመው።

«ይሄ ልጅ የንጉሡ ልጅ ነው።»

«ነው» አሉ አማቱ።

እንዲህ ዓይነት መልስ አልጠበቀም። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣል፣ ትራስ ይወረውራል። ጥቂት ገጾች ሄደና እንደገና ሞከረ።

«የንግሥቲቱ አማካሪ ከሃዲ ነው።»

«ጢሙን እንዲያ እያበጠረ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል።»

«ልጁና ይቺ ወታደር በመጨረሻ ይጋባሉ።»

«ታዲያ፤ እንዲህ ተሰዳድበው የት ሊደርሱ።»

ፍሬን መጽሐፉን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «እማማ፣ ሁሉም ነገር ገና ከበሩ የሚታወቅ ከሆነ ምኑን ነው የምናነበው?»

አማቱ ፊታቸውን ወደሱ አዞሩ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳዋልድ የኖርኩት መጨረሻው ምን እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው? ሁሉም በዚያው መንገድ ነው የሚመጣው። ግን አንዷ ባሏን ስትራገም ታነጋለች፣ አንዷ ትዘፍናለች። አንዷማ በምጥ መሃል ምድጃ ላይ ጥጄ የመጣሁት ነገር አለ ብላ ጫማዋን ስትፈልግ ነው የደረስንባት። እኔ የምፈልገው እሷን ነው። ይልቅ አንብብ፤ የአንጥረኛው ሚስት ምን እንደምትለው ልስማ።»

አነበበ። የአንጥረኛው ሚስት ባሏን «የአገሩ ሰይፍ በሙሉ ባንተ እጅ ተስሎ ያብለጨልጫል፤ የኔ ቢላ ግን ሽንኩርት ዳብሶ ይመለሳል» ትለዋለች። ፍሬን ሳይወድ ሳቀ። ከተማውን ሁሉ መንዳት ሲያስተምር የራሱ ሚስት እስካሁን በእግሯ እንደምትሄድ በየሳምንቱ የሚነገረው ሰው ነው።

እንዲህ እያሉ ቀጠሉ። እሱ ይገምታል፣ እሳቸው «ልክ ነህ» ይሉታል፤ ግምቱም ቀስ በቀስ ጣዕሙን አጣ። የሚከራከረው ሲጠፋ ሰው ምን ያደርጋል? አፉን ሰብስቦ ማንበብ ያዘ። መጽሐፎቹን ቀድመው አንብበዋቸው እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልጠየቃቸውም። ለሱ መጨረሻው የታወቀ መጽሐፍ የተጨመቀ ሎሚ ነው፤ አንድ ሰው ያነበበውን ደግሞ አንብቡልኝ ይላል ብሎ አላሰበም።

ሁለተኛው ጥራዝ ላይ አባ ቁም መጣ።

አባ ቁም ድልድይ ጠባቂ ነው። በሁለት መንግሥታት መካከል ባለ ገደል ላይ በገመድ የተንጠለጠለ አሮጌ ድልድይ አለ፤ አባ ቁም በድልድዩ አፍ ላይ ትንሽ ጎጆ ሠርቶ ፋኖሱን ሰቅሎ ይኖራል። ቁመቱ ከጎጆው ጣሪያ በላይ ነው፤ አይጥ ግን ይፈራል። የመጣው ሁሉ ከድልድዩ በፊት ይቆማል፣ ወረቀቱን ያሳያል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይሻገራል። አንድ ቀን የሰሜኑ ንጉሥ ከነአጃቢው መጥቶ «እኔ ንጉሥ ነኝ» ሲለው አባ ቁም «እሱን ድልድዩ አያውቅም፤ እሱ የሚያውቀው ክብደትህን ነው» ብሎ ከፈረሱ አወረደው። ሌላ ቀን ዘንዶው ራሱ መጣ።

«እኔ መብረር እችላለሁ» አለ ዘንዶው።

«እንግዲያው ብረር። በድልድዩ ከሆነ ግን ተሰለፍ።»

ዘንዶውም ከአንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ኋላ ክንፉን ሰብስቦ ተሰለፈ።

ፍሬን እዚህ ላይ ሲደርስ ንባቡን አቆመ። አማቱ ግምት ሊመጣ ነው ብለው ጠበቁ።

«ይሄ ሰው ትክክል ነው» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ ተለወጠ። አባ ቁም የሌለባቸውን ምዕራፎች በሦስተኛ ማርሽ ያልፋቸዋል፤ አባ ቁም ሲመጣ ግን ቀስ ይላል፣ ድምፁን ያወፍራል። አንድ ቀን ሚስቱ ከሥራ ቀደም ብላ ስትመጣ ከሳሎኑ የወጣውን ድምፅ ሰምታ እንግዳ አለ ብላ ፀጉሯን አስተካክላ ገባች። መኪናው ከጋራዥ ሲወጣም ትምህርቱን ሁሉ ወደ ጠዋት አዛወረው። ለተማሪዎቹ «የከሰዓት በኋላ ፀሐይ ለጀማሪ ዓይን ጥሩ አይደለም» አላቸው። ቤት ሲደርስ የመጀመሪያ ጥያቄው «ጠብታዎን አደረጉ?» ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «የት ላይ ነበር ያቆምነው?»

በአባ ቁም ብዙ ሳቁ። መንገደኛውን ሁሉ ወረቀት ከጠየቀ በኋላ ስለ ጉልበቱ ይጠይቀዋል፤ ቁልቁለቱ ጉልበት እንደሚጎዳ ስለሚያውቅ ነው። አንዲት የእህቱ ልጅ አለችው፤ በየወሩ እየመጣች ጎጆውን ትጠርግለታለች፣ አይጥ ታባርርለታለች። አማቱ ይህችን ልጅ በጣም ይወዷታል። «የኔ ቢጤ ናት፤ ጩኸት አታበዛም» ይላሉ።

አምስተኛው ጥራዝ መሃል ላይ አባ ቁም እንዲህ አለ፤ «ይሄ ክረምት ይለፍ እንጂ ሥራ እለቃለሁ። የእህቴ ልጅ ቤት አጠገብ ቁራሽ መሬት አግኝቻለሁ። ንብ ላረባ ነው።»

የፍሬን ቀኝ እግር ወለሉን ረገጠ።

«ምነው?» አሉ አማቱ።

«ምንም።» ገጹን ገለጠ። አባ ቁም ፋኖሱን ከመስቀያው አውርዶ ለእህቱ ልጅ ሰጣት። እግሩ ሁለት ጊዜ ረገጠ። ከዚያ አባ ቁም ወደ ገደሉ ማዶ ተመለከተና ምሽቱ እንደዚያ አምሮ አይቶት እንደማያውቅ ተናገረ።

ፍሬን መጽሐፉን ዘጋው። «ጉሮሮዬን ከረከረኝ፤ ዛሬ እዚህ ላይ እናቁም።»

«እንግዲያው ትኩስ ነገር ጠጣበት» አሉት ረጋ ብለው።

መጽሐፉን ብብቱ ሥር ከትቶ ወጥ ቤት ገባ። ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆሞ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የገመተው ነገር ውሸት እንዲሆን እየለመነ ቀጣዩን ምዕራፍ አነበበ። ውሸት አልነበረም። የጠላት ሠራዊት መጣ፤ አባ ቁም የድልድዩን ገመድ ራሱ ቆረጠው፤ የቆረጠው ደግሞ መሃል ላይ ቆሞ ነው። ፍሬን አፍንጫው ሲንሿሿ እንዳይሰማበት ቧንቧውን ከፈተ። አንድ ብርጭቆ ሁለት ጊዜ አጠበ።

ያን ቀን ማታ ራቱን ሳይቀምስ ገፋው። በማግስቱ ጠዋት እያስተማረ ሳለ መፍትሔው መጣለት። አማቱ ገና ከቀዶ ሕክምና የተነሡ ሰው ናቸው፤ ሐኪሙ ዓይን ማሸት ክልክል ነው ብሏል፤ ያለቀሰ ሰው ደግሞ ዓይኑን ያሻል። ስለዚህ ለሳቸው ጤና ሲባል አባ ቁም መሞት የለበትም። ለሳቸው ብሎ ነው እንጂ ለራሱማ ምን አስጨነቀው።

ከሰዓት በኋላ መጽሐፉን ገልጦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሠራዊቱ እንደ ጥቁር ጎርፍ ከተራራው ወረደ» ብሎ አነበበ። ይሄ መጽሐፉ ላይ አለ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የለም። «የጦሩ አዛዥ ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ አባ ቁም እጁን ዘርግቶ ቁም አለው። ወረቀት ጠየቀው። አዛዡ ኪሱን ዳሰሰ፣ ኮርቻውን ዳሰሰ፤ ወረቀት የለም። ስለዚህ ሠራዊቱ ተመለሰ።»

አማቱ አገጫቸውን ያዙ።

«በሙሉ ተመለሰ?»

«ሕግ ሕግ ነው፣ እማማ።»

«መጽሐፉ እንደዚህ ነው የሚለው?»

«ቃል በቃል።»

«በል ቀጥል» አሉት።

ዓይኑን በጨው አጥቦ ቀጠለ። ጉድ የፈላው ስድስተኛው ጥራዝ ሲከፈት ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ከዳር እስከ ዳር ቀብር ነበር፤ እሱ ደግሞ ቀድሞ አላየውም።

«ሁሉም…» አለና ተደናቀፈ። መጽሐፉ «ጥቁር ለብሰው» ይላል። «ሁሉም ነጭ ለብሰው ገደሉ አፋፍ ላይ ተሰብስበው ነበር።»

«ለምን?»

«ሠርግ ነው።»

«የማን ሠርግ?»

ይህን አላሰበበትም። «የአባ ቁም» አለ፣ ሌላ ስም አልመጣለት ብሎ።

«እሰይ፤ ዘገየ እንጂ። ማንን አገባ?»

በዓይኑ ገጹን ቢያስስ ያገኛት ሴት አንዲት ብቻ ናት። «የቤተ መንግሥቱን ምግብ አብሳይ።»

«እሷ ባለ ትዳር አይደለችም እንዴ? ከበሮ መቺው ባሏ አይደለም?»

«ተፋቱ።»

«መቼ?»

«በአምስተኛውና በስድስተኛው ጥራዝ መሃል።»

አማቱ ትንሽ አሰቡበት። «ሲደልቅ እያደረ አላስተኛት ብሎ ነው የሚሆነው» ብለው ተቀበሉት።

ሕዝቡ ያለቀሰው በደስታ ሆነ። የእህቱ ልጅ ፋኖሱን መቃብሩ ላይ ልትሰቅል ስትል የመኝታ ቤቱ በር ላይ ሰቀለችው። ንግሥቲቱ «በአባ ቁም ደም» ብላ ስትምል፣ ፍሬን «በአባ ቁም ዕድሜ» አስባላት። ከዚያ ወዲያ ግን ነገሩ እየከበደ ሄደ። መጽሐፉ ስለ አባ ቁም ዝም ባለ ቁጥር አማቱ ያስታውሳሉ። ጀግኖቹ በረሃ ሲያቋርጡ «አባ ቁም የት ቀረ?» አሉት።

«አብሯቸው አለ።»

«በረሃ ላይ ድልድይ አለ?»

«አለ፤ ወንዙ ነው የደረቀው።»

«ታዲያ ሰዎቹ በታች በኩል አያልፉም?»

«እሱ አያሳልፋቸውም።»

የፈጠረውን ደግሞ ይረሳዋል። አንድ ቀን ምግብ አብሳይዋ ጦር ይዛ ዘንዶ ላይ ተፈናጥጣ ስትዋጋ አማቱ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ፣ ባለፈው ነፍሰ ጡር ናት አላልከኝም?»

«ገና ነው እኮ፤ አልገፋም።»

«ገናም ቢሆን ዘንዶ ላይ አይወጣም። በል አውርዳት።»

አወረዳት። ትእዛዙ ለማን እንደተሰጠ ያን ጊዜ አላስተዋለም።

ሥራ ላይም ሐሳቡ እዚያው ነው። አንዷ ተማሪው ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ፈሪ ብጤ ስለሆነች ያላዘዛትን አታደርግም። አንድ ጠዋት አደባባዩን ስትዞር፣ ስትዞር፣ ስትዞር ቆይታ መሪውን እንደጨበጠች «ጋሼ፣ ልውጣ ወይስ ልቀጥል?» አለችው።

«ከበሮ መቺው ተመልሶ ቢመጣስ?» አላት።

እሷም ስፖኪዮውን አየች፤ ከኋላዋ ከበሮ የያዘ ሰው አልነበረም።

በዚህ መሃል የአማቱ ሁለቱም ዓይኖች ረጉና መነጽሩ ታዘዘ፤ አንድ ምሽት ሚስቱ ይዛው መጣች። እናትና ልጅ ሲደሰቱ ፍሬን ግን ዓይኑን ጥራዞቹ ላይ ተከለ። ነገ እሳቸው ራሳቸው መጽሐፉን ቢገልጡስ? ጠዋት ሲወጣ አምስተኛውን ጥራዝ በጋዜጣ ጠቅልሎ መኪናው ኋላ ላይ ትርፍ ጎማው ሥር ደበቀው።

ከሰዓት በኋላ ሲመለስ አማቱ አዲሱን መነጽር አድርገው እጃቸውን ገልበጥ መለስ እያደረጉ ሲያዩ አገኛቸው። ቀና ብለው እሱንም አዩት።

«አንተም ሽበት ጀምሮሃል ለካ። ቁጭ በል። አምስተኛውን ጥራዝ አጣሁት።»

«አዋስኩት፣ እማማ። ለተማሪ።»

«ለየትኛዋ?»

«ለዳቦ ጋጋሪዋ።»

አማቱ መነጽራቸውን አወለቁና በቀሚሳቸው ጫፍ እየወለወሉ «ልጄ፣» አሉ፣ «እኔ ያን መጽሐፍ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ።»

ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ። ሠርጉ፣ በረሃው፣ ፍቺው፣ ዘንዶው ላይ የወጣችው እርጉዝ፣ ሁሉም በአንድ ላይ መጡበት። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወረቀት ሳትጠይቀው ይገባላት ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁብኝ?» አለ በመጨረሻ።

«ያ ሁሉ ሠራዊት ወረቀት አልያዝኩም ብሎ የተመለሰ ቀን ትንሽ ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ሰው ነፍስ ለማትረፍ ሲሯሯጥ እያየሁ ምን ልበል? ደግሞ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። አራት ጊዜ የቀበርኩትን ሰው ስትድርልኝ ለምን ይከፋኛል?» መነጽሩን መልሰው አደረጉ። «በኋላ ግን ደከመኝ። እኔ ይሄን መጽሐፍ የምወደው ማን ከየት እንደሚመጣ ስለማውቅ ነው። ሁሉም በየቦታው አሉልኝ። ዘመድ ቤት እንደሚገባ ሰው ገብቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ ብዬ፣ ያቺን የአንጥረኛ ሚስት ሰምቼ እወጣለሁ። አንተ ስታነበው ግን መያዣ መጨበጫ የለውም። ያቺ ምግብ አብሳይ ቀኗ ደርሶ አሸዋ ላይ ጠፍታ ስትቀር፣ ማን ያዋልዳታል እያልኩ ስገላበጥ ነው ያደርኩት። ልጄ ባትሆንም አማጥኩላት። የደም ግፊቴ ወጥቶ ሚስትህ ክኒን ጨምራብኛለች።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ» አለ ፍሬን። ከዚያም አንገቱን እንደ ደፋ «ለዓይንዎ ብዬ ነው ስል ነበር። ውሸቴን ነው። ማንበብ አቅቶኝ ነው።»

«አውቃለሁ። ቧንቧ ከፍተህ ብርጭቆ ስታጥብ ሰምቻለሁ፤ በሌላ ቀን ብርጭቆ ስታጥብ አልሰማሁህም። እኔም በመጀመሪያው ጊዜ ደራሲውን እስከ ሰባት ትውልድ ረግሜዋለሁ። በሁለተኛውም ደገምኩለት። አሁን ግን መጽሐፉን አምጣው። ሰውዬውን በረሃ ላይ፣ ውሃ በሌለው ድልድይ፣ የሰው ሚስት አግብቶ እንደዚያ ትተነው አንሄድም።»

ወርዶ ከጎማው ሥር አወጣው፤ ጋዜጣውን አልፎ ጠርዙን ቅባት ነክቶታል። አማቱ ተቀብለው አዩት።

«ዳቦ ጋጋሪዋ ቅባት ታበዛለች» ብለው መለሱለት። «ከሠራዊቱ ጀምር።»

ጀመረ። ሠራዊቱ እንደ ጥቁር ጎርፍ ከተራራው ወረደ። ከሠራዊቱ ፊት ፊት የሚሸሽ ሕዝብ አለ፤ ከነጋሪው፣ ከነበጉ፣ ከነአልጋው። እናቶች ልጅ አዝለዋል፤ አንዱ ሽማግሌ ሌላውን ሽማግሌ አዝሏል። ሁሉም ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ቆሙ። አባ ቁም ለማንም ሳያዳላ ሲያስቆማቸው የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ሞት ከኋላቸው እየመጣ እንኳ ቆመው ወረቀታቸውን ፍለጋ ኪሳቸውን ይዳብሳሉ።

ፍሬን ድምፁን ማወፈር ረስቶ በራሱ ድምፅ ነበር የሚያነበው። አንዲት አሮጊት ወረቀቷ መንገድ ላይ እንደወደቀባት ለአባ ቁም ልትነግረው ትጀምራለች። አባ ቁም ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ያነሣትና ድልድዩ ላይ ያስቀምጣታል። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ይዞራል። ዕድሜ ልኩን ለንጉሥም ለዘንዶም አንድ ቃል ብቻ ሲናገር የኖረ ሰው፣ ያን ቀን ሌላ ቃል…

እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረ። ቃሉ አንድ ነው፤ አጭር ነው፤ ከአፉ ግን አልወጣም። ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል፣ ከዚያም በኋላ የሚመጣውን ያውቃል። ማወቁ ምንም አልጠቀመውም።

አማቱ እጃቸውን ዘርግተው መጽሐፉን ወሰዱለት። መነጽሩን በአንድ ጣት ወደ ላይ ገፋ አደረጉና፣ በዚያ በምጥ ላይ ያለችን ሴት በሚያረጋጉበት ድምፃቸው፣ «እለፉ» ብለው አነበቡ። «ሁላችሁም እለፉ። ወረቀት አልጠይቅም።»

ሕዝቡ እስኪያልቅ አነበቡ። ገመዱ እስኪቆረጥ አነበቡ። ፍሬን አንድም ጊዜ አላቋረጣቸውም። አማቱ ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በመሐረብ ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ፤ አላሹትም። መሐረቡን ለሱም ሰጡት።

ሚስቱ ከሥራ መጥታ በሩን ስትከፍት ሁለቱን እንደዚህ አገኘቻቸው። የእናቷ ዓይን ቀልቷል፣ ባሏ መሐረብ ይዟል። ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቀረች።

«ምን ሆናችኋል?»

«ሰው ሞቶብን ነው» አሉ እናቷ።

ደም ከፊቷ ሸሸ። «ማን?»

«ድልድይ ላይ ይሠራ የነበረ ሰው ነው» አለ ባሏ።

አንዴ እሱን አንዴ እናቷን አየች። ከዚያ እናቷ ጭን ላይ ያለውን ዘንዶ አየች። ባሏ አንድ ታሪክ አልቆ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ስታይ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። ቦርሳዋን አወረደችና የሶፋው መደገፊያ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። አንደኛውን ከፈታች በኋላ ትንሽ ቆየች።

«ቤተሰብ አለው?» አለች።

«አንዲት የእህት ልጅ አለችው።»

«እሷስ? ማን አላት?»

እናቷና ባሏ ተያዩ። እናትየው በሶፋው ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላትና ስድስተኛውን ጥራዝ እንዲያቀብላቸው ለአማቻቸው ምልክት ሰጡት።

«ነይ፣ ጠጋ በይ» አሏት። «ቀብሩ ላይ ደርሰሻል።»